ማንም ፎቶግራፍ ያላነሣው ጥቁር ወፍ

አማርኛችን ክረምት ሲል ዝናቡንና ጭቃውን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ማለቱ ነው። በባዕድ አገር የምንኖር ሰዎች ግን ቃሉን ሳንለውጥ ትርጉሙን አዛውረነዋል። ክረምት ስንል ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን፣ በረዶውንና አጭሩን ቀን ማለታችን ሆኗል። እነዚያው ወራት አገር ቤት በጋ ናቸው። ይህን መገለባበጥ ከእኛ አስቀድመው የተጠቀሙበት ወፎች ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜናዊ ክፍል ብርዱን ሸሽተው ወደ አፍሪካ ከሚወርዱት መካከል እጅግ ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ሐይቆችና ረግረጎች ዳር ይከርማሉ። በዚህ በአሜሪካም ሌላ ስደት አለ። በካናዳ ጫካ የተፈለፈለ ወፍ ታኅሣሥ ሲብት ወደ ቨርጂኒያ ይወርዳል፤ እኛ በብርድ የምንማረርባት ቨርጂኒያ ለእርሱ ቆላ ናት።

በአዲስ አበባ ልጆች አነጋገር «ወፍ የለም» ማለት ምንም ነገር የለም ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለዚህ ወቅት ሲያወሩም ነገሩ ከዚያ አይርቅም፤ ዛፉ ራቁቱን ቀርቷል፣ ሰማዩ አመድ መስሏል፣ ተፈጥሮ እስከ ሚያዝያ በሯን ዘግታለች ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ወፎችን ለመመልከትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ከዓመቱ ወራት ሁሉ የምመርጠው ክረምትን ነው። ቅጠል ስለ ረገፈ ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ድንቢጥ ሳትቀር ትታያለች፤ ውኃውን ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎች ይሞሉታል፤ የፀሐይዋ ብርሃንም ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ስለ ውበት አይደለም። በክረምት የሚነሣ የወፍ ፎቶግራፍ ዋጋው በማማሩ ሳይሆን የት፣ መቼ፣ ከስንት ወፎች መካከል እንደ ተነሣ በመታወቁ ነው እላለሁ። ብርቅ ወፍ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ከሚደረግ ሩጫም ይልቅ ለቤት ቅርብ የሆነን አንድ ቦታ ደጋግሞ መጎብኘት ለሳይንስ የበለጠ ይጠቅማል።

ምሳሌዬን ከማውቀው ቦታ ልውሰድ። ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ሀንትሊ ሜዶስ የተባለ መናፈሻ አለ። ስፋቱ 600 ሔክታር ያህል ነው፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ በመካከሉ ባለው ረግረግ ላይ የሳንቃ መንገድ ተዘርግቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሌክሳንድሪያ ሰፈሮች በመኪና የደቂቃዎች ጉዞ ነው። በጥር ወር ማለዳ ቢሄዱ ነጭ ቆቡን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውንና የሚያጥፈውን ባለ ቆብ ዳክዬ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ደረቀ ጉቶ የሚመስለውን ታላቁን ሰማያዊ ሳቢሳ፣ በሣሩ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብበውን የረግረግ ጭልፊት ያገኛሉ። ሹል ጭራ ዳክዬም አለ። ይህ ዳክዬ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ በዚያው በጥር ወር ያው ዝርያ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንና በጣና ዳርቻ ላይ ተቀምጦ ይገኛልና። እርግጥ በአሌክሳንድሪያ የሚከርመው ከሰሜን አሜሪካ፣ በኢትዮጵያ የሚከርመው ከዩራሲያ የመጣ ነው። ነገር ግን ቡናማ ራሱ፣ ነጭ አንገቱና እንደ መርፌ የቀጠነ ጭራው አንድ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በዚያ መናፈሻ ውኃ ያቆረባቸው የዛፍ ሥሮች መካከል፣ በበሰበሰ ቅጠል ላይ እየተራመደ ቅጠሉን በምንቃሩ የሚገለብጥ አንድ ጥቁር ወፍ አልፎ አልፎ ይታያል። እንግሊዝኛው «ረስቲ ብላክበርድ» ይለዋል፤ እኔ ዝገት ለበስ ጥቁር ወፍ እለዋለሁ፤ በክረምት የላባዎቹ ጫፍ የዛገ ብረት ስለሚመስል። ዓይኑ ፈዛዛ ቢጫ ነው። የሚፈለፈለው በካናዳና በአላስካ ሰሜናዊ ደኖች ውስጥ ነው፤ የሚከርመው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በውኃ በተሞሉ ጫካዎች ነው። ዝማሬው ዘይት የሚያስፈልገው የበር ማጠፊያ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ባጭሩ፣ ለግድግዳ የሚሰቀል ፎቶግራፍ የሚወጣው ወፍ አይደለም።

ይህ ወፍ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከአንድ ትውልድ በፊት አሥር ወፎች ይታዩበት በነበረው ቦታ ዛሬ ሁለት እንኳን አይሞሉም እንደ ማለት ነው። የሚያስደነግጠው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ልብ ያለው ሰው አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ራስል ግሪንበርግና ሳም ድሮጌ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጉዳዩን አደባባይ ባወጡበት ጽሑፍ የተመረኮዙት በአንድ አዲስ መሣሪያ ወይም በሳተላይት ላይ አልነበረም። የድሮ የወፍ መጻሕፍትንና መዛግብትን አገላብጠው ቀደምት ጸሐፊዎች ስለዚህ ወፍ «ብዙ ነው»፣ «የተለመደ ነው»፣ «አልፎ አልፎ ይታያል» እያሉ የተዉትን ቃል ከዘመን ዘመን አነጻጸሩ፤ ከዚህም ጋር ፈቃደኞች ለአሥርታት ያካሄዱትን የወፍ ቆጠራ ተመለከቱ። ቃሉ ቀስ በቀስ ከ«ብዙ» ወደ «ጥቂት» ወርዶ ነበር። ለመቀነሱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የደቡቡ ረግረጋማ ጫካ ለእርሻ መመንጠሩ፣ የሰሜኑ ኩሬዎች መድረቅና በሜርኩሪ መበከል፣ ከሌሎች ጥቁር ወፎች ጋር ተቀላቅሎ ሲያድር እህል አጥፊ ተብሎ መገደሉ። እነዚህን ሁሉ ለመመርመር ግን መጀመሪያ ወፉ መጉደሉ መታወቅ ነበረበት። ያንን ያሳወቁት ያየኸው ምንም ያህል ተራ ቢሆን ጻፈው የሚል ልማድ የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ጋር ሌላ ክረምት ላነጻጽር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አንዲት ነጭ የበረዶ ጉጉት ከአርክቲክ ወርዳ በዋሽንግተን መካከል፣ በዩኒየን ጣቢያ ደጃፍ ሰፈረች። የረጅም ሌንስ ባለቤቶች በየማታው ከበቧት፤ ጋዜጦችም ጻፉላት። በጉጉቷ መታየት አልከፋም፤ ስንት ሰው ቀና ብሎ ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርጋለች። ይሁንና ከዚያ ሁሉ ሌንስ መካከል በዚያው ሳምንት ከከተማዋ ወጣ ባለ ረግረግ ውስጥ ቅጠል ለሚገለብጡት ጥቁር ወፎች ስንቱ ዞረላቸው? አንድ ሺህ ጊዜ የተነሣች አንዲት ጉጉት የምትነግረን አንዲት ጉጉት እንደ መጣች ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቦታ የሚቆጠሩ ተራ ወፎች ግን ዓመታት ሲያልፉ ስለ አንድ አህጉር ይናገራሉ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የገና ዕለት ቡድን ለይቶ ብዙ ወፍና እንስሳ በመግደል የመወዳደር ልማድ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1900 አትግደሉ፣ ቁጠሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጡ። ዛሬ የገና የወፍ ቆጠራ ተብሎ በየዓመቱ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ ቡድን 24 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ በአንድ ቀን ያየውን ወፍ ሁሉ ይቆጥራል። (እግረ መንገዴን፦ ቆጠራው የሚያበቃው የእኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ «በበዓል ቀን ከቤት አልወጣም» የሚል ሐበሻ በዚህ በኩል ምክንያት የለውም።) እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 ወዲህ 2.9 ቢሊዮን ወፎች፣ ማለትም ከጠቅላላው 29 በመቶ፣ እንደ ጎደሉ ሲያስታውቅ ከተመረኮዘባቸው መረጃዎች አንዱ ይኸው የገና ቆጠራ ነበር። ከጎደሉት መካከል ብርቅ ያልሆኑ ይበዙባቸዋል፤ በክረምት በየጓሮአችን መሬት ላይ የምትለቅም ነጭ ጉሮሮ ድንቢጥ አለችበት። ያው ጥናት ዳክዬዎችና ዝዮች መጨመራቸውንም አሳይቷል፤ ረግረጎቻቸው ስለ ተጠበቁላቸው። ተቆጥሮ የታወቀ ጉድለት መፍትሔ ሊበጅለት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ራሰ በራ ተብሎ የሚጠራው ነጭ ራስ ንስር ሌላው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአላስካ በስተቀር ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች ጎጆ የሠሩ ጥንዶች 417 ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት በ1972 ከታገደ በኋላ ወፉ አገገመ፤ መንግሥት በ2021 ይፋ ያደረገው ግምት ከ71,000 በላይ ጎጆዎችን አመለከተ። ለዚህ ግምት ከአውሮፕላን ቅኝት በተጨማሪ ኢበርድ በተባለው መዝገብ ውስጥ ተራ ሰዎች ያስገቡት መረጃ አገልግሏል። ኢበርድን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ቤተ ሙከራና አውዱቦን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ነው፤ በእጅ ስልክ ይሠራል፤ በነጻ ነው፤ ከየትኛውም አገር ሆነው ሊመዘግቡበት ይችላሉ።

ምዝገባው ሲባል ምን እንደሆነ ጥቂት ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዛሬ ንስር አየሁ ብሎ መጻፍ ለተመራማሪ እምብዛም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በስንት ሰዓት እንደ ጀመሩ፣ ለስንት ደቂቃ እንደ ቆዩ፣ ምን ያህል እንደ ተጓዙና ያዩትን ሁሉ፣ ቁራውንና ርግቡን ሳይንቁ፣ በቁጥር መጻፍዎ ነው። ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነ በውስጡ የሌለው ወፍም ይናገራል። ዝገት ለበሱ ወፍ በዝርዝርዎ ውስጥ ከሌለ፣ እርስዎ ግን ሌላውን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፈው ከሆነ፣ ያ አለመኖር ራሱ መረጃ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቦታን ደጋግሞ መጎብኘት ዋጋው የሚታየውም በዚህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የነበረው ዛሬ ሲጠፋ የሚያውቀው ባለፈው ማክሰኞ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ካሜራው ታዲያ ምን ይሠራል? ሦስት ጥቁር ወፎች እጅግ ይመሳሰላሉ፦ ዝገት ለበሱ፣ ቀይ ክንፉና ግራክል የተባለው። በክረምት ሦስቱም በአንድ መንጋ ሊገኙ ይችላሉ። በዓይን ብቻ ሲታዩ ያምታታሉ፤ በፎቶግራፍ ግን የዓይኑ ቀለም፣ የጭራው ርዝመት፣ የምንቃሩ ውፍረት በእርጋታ ይመረመራል። የደበዘዘ፣ ግማሹ በቅርንጫፍ የተጋረደ፣ ማንም «ያምራል» የማይለው ምስል እንኳን ለዚህ ይበቃል። ሌላም አለ። በእግሩ ላይ ቀለበት የታሰረ ዝይ ወይም ዳክዬ ካጋጠመዎ አጉልተው ያነሡት ፎቶግራፍ የቀለበቱን ቁጥር ያስነብባል። እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረው የአሜሪካ የወፍ ቀለበት መርሐ ግብር ማዕከሉ ሎረል፣ ሜሪላንድ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወገኖቻችን ደጃፍ ማለት ይቻላል። ቁጥሩን ሲያስታውቁ ወፉ የት፣ መቼ እንደ ታሰረ ይነግሩዎታል። በካናዳ የታሰረ ዝይ በሰፈርዎ ኩሬ ላይ ሲገኝ የሁለታችሁ የስደት ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

የክረምት ብርሃን ለፎቶግራፍ አንሺ በረከት ነው ብያለሁ። በአሌክሳንድሪያ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ 57 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች። ስለዚህ እዚህ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የወፉ ሆድና ዓይን በጥላ አይዋጥም። በበረዶ ላይ ግን ካሜራ ይሳሳታል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ነጩን በረዶ አመድ፣ ጥቁሩን ወፍ ደግሞ ዝርዝር የሌለው ጥላ ያደርገዋል። የብርሃን ማስተካከያውን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርከን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ዝገቱ ብቅ ይላል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ መያዝ ይረዳል። ወደ ቤት ሲመለሱም ካሜራውን በቦርሳው እንደ ተዘጋ ጥቂት ሰዓት መተው ይገባል፤ ከብርዱ በቀጥታ ወደ ሞቀ ክፍል ከገባ በሌንሱ ላይና በውስጡ ጤዛ ይቋጠራል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ያሳስበኛል። ክረምት ለትንሽ ወፍ የሒሳብ ጊዜ ነው። በሰሜን የምትኖረው ባለ ጥቁር ቆብ ቺካዲ ክብደቷ 11 ግራም ገደማ ነው። በአጭሩ ቀን የበላችውን ስብ አድርጋ በረጅሙ ሌሊት ታነድደዋለች፤ ነዳጅ ለመቆጠብም የሰውነቷን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጋ ታድራለች። ፎቶግራፍ አንሺ አንድ እርምጃ ለመቅረብ ብሎ ባስበረራት ቁጥር ከዚያ ጥሪት ላይ ይወስድባታል። ጉጉትን ከቤት እንስሳት መደብር በተገዛ አይጥ እያባበሉ ወደ ሌንስ ማስወርወር፣ የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ እያሰሙ ወፍን ከመሸሸጊያው ማውጣት፣ ጉጉት የምታድርበትን ዛፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቅ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ የተለመዱ ናቸው። በእኔ አስተያየት እንዲህ የተገኘ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ቢያምር መደነቅ አይገባውም። ወፉ ቀና ብሎ ካየዎ፣ መብላቱን ካቆመ፣ ከሚገባው በላይ ቀርበዋል። ረጅም ሌንስ የተሠራው ለዚህ ነው። በመኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማንሣትም ጥሩ መላ ነው፤ ወፎች ከቆመ ሰው ይልቅ የቆመ መኪናን አይፈሩም፤ ሞተሩን ማጥፋት ግን አይርሱ።

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉኝ አሉ። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ማለዳ የሚተኛ ሰው ወፍ የሚቆጥርበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ከሩቅ ቦታ ይልቅ ቅርቡን የመረጥሁት። በየካቲት አጋማሽ ለአራት ቀን በዓለም ዙሪያ የሚደረገው ታላቁ የጓሮ ወፍ ቆጠራ የሚጠይቀው 15 ደቂቃ ነው። በብሪታንያ ከ1979 ጀምሮ በጥር መጨረሻ የሚካሄደው የጓሮ ወፎች ምልከታ አንድ ሰዓት ይጠይቃል፤ ጀርመንም የራሷ የክረምት ወፎች ሰዓት አላት። የኪሎ ሜትር ጉዞ የለም፤ ከአፓርታማ በረንዳ ላይም ይቻላል። የሚያስፈልገው መካከለኛ ባይኖኩላርና ማስታወሻ ነው፤ የሌንስ ነገር ኋላ ይደርሳል።

ሌላው ቅሬታ ከበድ ይላል። ጥቁር ሰው በጫካ ዳር መነጽር አንግቶ ሲቆም በጥርጣሬ የሚያዩት አሉ። በግንቦት 2020 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ክርስቲያን ኩፐር በተባለው ጥቁር ወፍ ተመልካች ላይ የደረሰውን ዓለም አይቶታል፤ በቀጣዩ ሳምንትም ጥቁር ወፍ ተመልካቾች የራሳቸውን ሳምንት አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይከበራል። ከጓደኛ ጋር መውጣት፣ ከአካባቢው የወፍ ማኅበር ጋር መተዋወቅ ይረዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ በወደብ፣ በወታደራዊ ቦታና በነዳጅ ተቋማት አጠገብ ትልቅ ሌንስ ማውጣት አይገባም። እንደ ዱባዩ ራስ አል ኾር ያሉ ለሕዝብ የተከፈቱ የወፍ መመልከቻዎች ግን አሉ፤ በክረምት ፍላሚንጎዎች ከሰማይ ጠቀስ ፎቆች ፊት ለፊት ተሰልፈው ይታያሉ።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላል የአገራችን ሰው። እኛስ የጎረቤቶቻችንን ወፎች በምን ቋንቋ እንጥራቸው? በአማርኛ ጭልፊት፣ ሳቢሳ፣ ሽመላ፣ ዋኔ፣ ግንደ ቆርቁር የሚሉ ያማሩ ስሞች አሉን፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን አንዱንም አያውቁም፤ እኛም የእነርሱን ካርዲናልና ጁንኮ ስም አላወጣንላቸውም። አብሮ ቆጥሮ፣ አብሮ ስም ማውጣት ለአባትና ለልጅ ከስልክ መስኮት የተሻለ መገናኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጓጓኝ ግን አገር ቤት ነው። በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይደረጋል፤ በአውሮፓ የተጀመረው በ1967 ሲሆን የአፍሪካው ክፍል ከ1991 ወዲህ ይካሄዳል። በኢትዮጵያ በ1966 የተመሠረተው የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት ሲደክምበት የቆየ ሥራ ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ላላት አገር ግን ቆጣሪው ጥቂት ነው። በዚያው በጥር በሺህ የሚቆጠር ዳያስፖራ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ይገባል፤ ከነካሜራው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ዓሣ ይበላል፤ ከሐይቁ ጋር ራሱን ያነሣል። ከኋላው ባለው ውኃ ላይ የተቀመጡት ወፎች ግን ማን እንደሆኑ አይጠይቅም። ከሰሜን ምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው፣ ከፊሎቹ በእስራኤል ሁላ ሸለቆ አርፈው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች በጣና ዙሪያና በቢሾፍቱው ጨለቅለቃ ረግረግ በሺህዎች ይከርማሉ። በሁላ ሸለቆ የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ወገናችን ኅዳር ላይ የቆጠራቸውን መንጋዎች ዘመዱ ታኅሣሥ ላይ ጎጃም ውስጥ ሊያገኛቸው ይችላል። የአቢጃታ ሐይቅ እያየነው ሸሽቷል፤ ሐረማያ ጭራሽ ደርቆ ሰንብቷል። ውኃው ሲሸሽ የትኛው ወፍ አስቀድሞ እንደ ሄደ፣ የትኛው እንደ ቆየ የምንናገረው በየጥሩ ተቆጥሮ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የሐይቅ ዳር፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘመድ ጥየቃ ሲመጡ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት። ባይኖኩላርና ትልቅ ሌንስ ይዞ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከጉዞ በፊት ከጉምሩክ መጠየቅ ብልህነት ነው።

እስከዚያው በሀንትሊ ሜዶስ ጊዜው አጭር ነው። የዝገት ለበሱ ወፍ ዝገት የላባ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ክረምቱ በገፋ ቁጥር እየተፋቀ ይሄዳል፤ በመጋቢት፣ ወደ ሰሜን ሊነሣ ሲሰናዳ፣ ወንዱ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከሌሎቹ ለመለየት ይበልጥ ያስቸግራል። ከሳንቃው መንገድ ሳይወርዱ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ፣ ውኃ የተኛበትን የዛፍ ሥር በባይኖኩላር መቃኘት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ወፉ አይደለም፤ የሚገለበጠው ቅጠል ነው።